የሮታሪ ሞተር የነዳጅ ሒሳብ በአዲስ አበባ ከፍታ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

«ፀሐይ» አውሮፕላን በጥር 2016 ዓ.ም. ከጣሊያን ወደ አገሯ ከተመለሰች ወዲህ፣ አውሮፕላን በግል ስለመሥራት የሚጠይቁ ወጣቶች ፒያሳና ሶማሌ ተራ አካባቢ ባሉ ጋራዦች አይጠፉም። ጥያቄያቸው ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ስለ ሮታሪ ሞተር የሚነገረው ነገር ግማሹ ስም ከማሳሳት፣ ግማሹ ደግሞ ከባሕር ጠለል ሒሳብ የመጣ ስለሆነ ይህን ጻፍን።

መጀመሪያ ስሙ ይጥራ። በ1928 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ የተሠራችው ፀሐይ የተገጠመላት ዋልተር ቬኑስ ሞተር ሰባት ሲሊንደሮቹ በዘንጉ ዙሪያ እንደ ኮከብ ጨረር የተደረደሩ ነው፤ ሲሊንደሮቹ ግን አይዞሩም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ደግሞ ሲሊንደሮቹ ራሳቸው ከፕሮፔለሩ ጋር አብረው የሚሽከረከሩ ሞተሮች ነበሩ። ዛሬ በቤት ሠራሽ አውሮፕላን ላይ «ሮታሪ» የሚባለው ከሁለቱም የተለየ ነው፤ የዋንክል ሞተር፣ አብዛኛውን ጊዜም የማዝዳ 13ቢ። ፒስተን የለውም፣ ቫልቭ የለውም። ሦስት ማዕዘን ያላቸው ሁለት ሮተሮች በአንድ ዘንግ ላይ ይዞራሉ፤ መጠኑ 1,308 ሲ.ሲ. ነው። የምንጽፈው ስለዚህኛው ነው።

ስለዚህ ሞተር ሁለት አባባሎች ይሰማሉ። አንዱ «ነዳጅ ይጠጣል፣ አይሆንም» ይላል። ሌላው «ቀላልና ኃይለኛ ስለሆነ ከአውሮፕላን ሞተር ይሻላል» ይላል። ነዳጅ መጠጣቱ እውነት ነው፤ ምክንያቱም ነዳጁ የሚቃጠልበት ክፍል ረጅምና ጠፍጣፋ ስለሆነ ሙቀቱ ወደ ግድግዳው ያመልጣል፣ እሳቱም ከኋላ ያለው ጥግ ሳይደርስ ይቀራል። በሮተሩ ጫፎች ላይ ያሉት ማሸጊያዎችም ትንሽ ያሳልፋሉ። ቃጠሎው ሳያልቅ የጭስ መውጫው ስለሚከፈት የጭሱ ሙቀት ከ900 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፤ ተራ ማርሚታ ቶሎ የሚበላውም ለዚህ ነው። ግን ምን ያህል እንደሚጠጣ የሚወስነው ከሞተሩ ይልቅ የነዳጅና የአየር ድብልቁን የሚያስተካክለው እጅ ነው። ይህን በቁጥር እናሳይ።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ 22 ዲግሪ ሲሆን የአየሩ እፍጋት የባሕር ጠለሉ 74 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው፣ በባሕር ጠለል 160 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ 13ቢ እዚህ በዚያው ዙር ወደ 112 ይወርዳል። እንጦጦን አልፎ 3,800 ሜትር ላይ ሲጓዝ፣ ጋዙ (ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር መክፈቻ) ሙሉ በሙሉ ተከፍቶም ቢሆን፣ የሚያገኘው 93 ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚታለልበት ነገር አለ። ሞተሩ ተገጥሞ መሬት ላይ ሲሞከር የዙር መቁጠሪያው በባሕር ጠለል ከሚያሳየው ብዙም ያነሰ ቁጥር አያሳይም። ሠሪውም «ኃይሉ አልቀነሰም» ይላል። ዙሩ ያልወረደው ግን አየሩ ለፕሮፔለሩም ስለሳሳለት፣ ሸክሙ ስለቀለለለት ነው። የሚጎትተው ኃይል ከሩብ በላይ ቀንሷል። ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ ኃይልን በዙር ብቻ መመዘን አይቻልም፤ የአየር ማስገቢያው ግፊት መለኪያ ግድ ነው። ሞተሩ ቆሞ ሳለ መለኪያው 22.5 ኢንች የሜርኩሪ አካባቢ ካላሳየ መጀመሪያ መለኪያውን አስተካክሉ። ጋዙ ሙሉ ተከፍቶ ሞተሩ ሲሠራ ከዚያ ብዙ ከወረደ ደግሞ የአየር ማጣሪያው ወይም የማስገቢያ ቱቦው ጠቧል ማለት ነው።

ወደ ነዳጁ እንመለስ። ድብልቁ በደንብ የቀጠነለት፣ ማለትም ነዳጁ ከአየሩ አንጻር ያነሰለት፣ ሮታሪ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 230 ግራም ያህል ቤንዚን ይፈልጋል። ሠሪው «ሞተሬ እንዳይግል» ብሎ ነዳጅ ካበዛበት 270 ይሆናል። በአግባቡ የቀጠነለት ተለምዷዊ የላይኮሚንግ አውሮፕላን ሞተር 190 አካባቢ ነው። በ93 የፈረስ ጉልበት ሲሰላ ላይኮሚንጉ በሰዓት 24.5 ሊትር፣ የቀጠነው ሮታሪ 29 ሊትር፣ የወፈረው ሮታሪ 34 ሊትር ይጠጣል። በሁለቱ ሞተሮች መካከል ያለው ልዩነት 4.5 ሊትር ነው። በዚያው በአንዱ ሮታሪ ላይ የድብልቁ ልዩነት ግን 5 ሊትር ነው።

ማቅጠኑ እንዲህ ነው። ከፍታው ላይ ደርሳችሁ ጋዙን ሙሉ ክፈቱ፤ ዙሩን በደቂቃ 5,400 ላይ አቁሙ። ከዚያ ነዳጁን በዝግታ ቀንሱ። የጭሱ ሙቀት ይወጣል፣ ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ መውረድ ይጀምራል። ከጫፉ 30 ዲግሪ ያህል እስኪወርድ ቀጥሉ። በጭስ መውጫው ላይ የኦክስጅን ሴንሰር ያለው ሰው ለ1 ኪሎ ነዳጅ ከ15.5 እስከ 16 ኪሎ አየር ላይ ያቆማል። ሮታሪው የሚቃጠል የጭስ ቫልቭ ስለሌለው ይህን በደንብ ይችላል፤ ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የቀጠነ ድብልቅ ቀስ ብሎ ስለሚቃጠል ካንዴላዎቹ ትንሽ ቀደም ብለው እንዲያቀጣጥሉ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የሚቆጠበው ነዳጅ በማርሚታው ሙቀት ሆኖ ይወጣል።

ሞተሩ ገና ጫፉን ሳያልፍ መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ነዳጅ ከሚረጩት ኢንጀክተሮች ነው። አንደኛው ሮተር ከሌላው ቀድሞ ይቀጥንበታል። ኢንጀክተሮቹን አውጥታችሁ እያንዳንዱን በእኩል ግፊት ለ30 ሰከንድ ምልክት ባለው ብርጭቆ ውስጥ አስረጩ። ልዩነቱ ከ3 በመቶ ካለፈ ተመሳሳዮቹን ምረጡ። ሌላው ጥንቃቄ ሴንሰሩ ነው፦ እርሳስ ያለበት የአውሮፕላን ቤንዚን ያበላሸዋል። ተበላሽቶም ቁጥር ማሳየቱን ስለማይተው አብራሪው ሐሰተኛ ቁጥር እያመነ ይበራል።

የሞተሩን ዙር ለፕሮፔለሩ የሚቀንሰው ጊር ሁለት የተለመዱ መጠኖች አሉት። በ2.17ቱ ሞተሩ 5,400 ሲዞር ፕሮፔለሩ 2,490 ገደማ ይዞራል፤ በ2.85ቱ 1,895 ብቻ። ሁለተኛው ለመነሻ ጥሩ ነው፤ ለጉዞ ግን ተለቅ ያለና ብዙ የሚነክስ ፕሮፔለር ካልተገጠመለት ሞተሩን ወደ 7,000 ዙር እንድትገፉት ያስገድዳችኋል፤ በዚያ ዙር ሰበቃው ብቻ ብዙ ነዳጅ ይበላል። ለቁጠባ የሚበጀው ጋዙን ከፍቶ ዙሩን ዝቅ ማድረግ ነው። ዙሩን አብዝቶ ጋዙን መዝጋት ተቃራኒውን ያመጣል።

ማቀዝቀዣ ፍጥነትንም ነዳጅንም ይበላል። በሮታሪ ከሚወጣው የማቀዝቀዣ ሙቀት ሲሶው ያህል በሞተር ዘይት በኩል ስለሚሄድ የዘይት ራዲያተሩ በመኪና ላይ ከለመድነው ይተልቃል። ስህተቱ ራዲያተር ገጥሞ አየር የሚወስድለትን ቦይ በደንብ አለመዝጋት ነው፤ በራዲያተሩ ጠርዝ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ አየሩ በዚያ ያልፋል፣ ሙቀቱ ይቀራል፣ ሠሪው ቀዳዳውን ያሰፋል፣ አውሮፕላኑ ይዘገያል። መጀመሪያ በሲሊኮን ድፈኑ። ቦሌ ከፍታ ላይ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ የራዲያተሩ ክዳን የ1 ባር ግፊት መያዙንም ፈትሹ።

ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት የመጭመቅ ግፊቱን (ኮምፕሬሽኑን) የምትለኩ ከሆነ የፋብሪካውን ቁጥር እንዳለ አትውሰዱ። ለማዝዳ አርኤክስ-8 መኪና ሞተር በደቂቃ በ250 ዙር አዲሱ 830፣ ዝቅተኛው 680 ኪሎ ፓስካል ነው የሚባለው ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ላይ 625 እና 512 ያህል ይሆናል። ይህን ያላወቀ ሰው ደህናውን ሞተር «አልቋል» ብሎ ይተወዋል። ይበልጥ የሚያስፈልገው የሮተሩ ሦስት ጎኖች ምት እኩልነት ነው፤ ሁለቱ ከአንዱ ጎልተው ካነሱ በመካከላቸው ያለው የጫፍ ማሸጊያ ተጎድቷል።

ቤንዚኑ ራሱም ይፈተሽ። በአገራችን ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ኢታኖል ቤንዚን ውስጥ ይቀላቀል የነበረበት ጊዜ ስላለ መገመት አይበቃም። ምልክት ባለው ረጅም ብርጭቆ 10 ሚሊ ሊትር ውኃና 90 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ጨምሩ፣ አናውጡት፣ ይርጋ። የውኃው መስመር 10 ላይ ከቆመ ንጹሕ ነው፤ ወደ 18 ወይም 19 ከወጣ አንድ አሥረኛው ኢታኖል ነው። በዚህ መጠን ከአንድ ሊትር የሚገኘው ኃይል በ3 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ የጎማ ቱቦዎችንም ይጎዳል። በዚህ ከፍታ ቤንዚን ቶሎ ስለሚተን ፓምፑ ከታንኩ አጠገብ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ቱቦውም ከጭስ መውጫው ይራቅ። ማሸጊያዎቹን ለማለስለስ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 8 ሚሊ ሊትር ገደማ የሁለት ምት ሞተር ዘይት ይቀላቀላል፤ ለ80 ሊትር ታንክ 640 ሚሊ ሊትር።

ፍጆታውን ስትለኩ፣ ትርፉ ነዳጅ ወደ ታንክ የሚመለስበት ሞተር ላይ አንድ ፍሰት መለኪያ ብቻ አትግጠሙ፤ የሚዞረውን ነዳጅ ሁሉ እንደተቃጠለ ይቆጥራል። ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ በመሄጃው፣ አንዱ በመመለሻው። ፍጥነቱንም በአራቱም አቅጣጫ በጂፒኤስ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። የአየር ፍጥነት መለኪያው በ3,800 ሜትር ከእውነተኛው በጣም ያነሰ ያሳያል።

አንድ ባለ ሁለት መቀመጫ በሰዓት 260 ኪ.ሜ. ይጓዛል እንበል። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በአየር 340 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። ለመውጣት 7 ሊትር፣ ለ45 ደቂቃ መጠባበቂያ ተጨምሮ የቀጠነው 67 ሊትር፣ የወፈረው 77 ሊትር ይፈልጋል። ከምሥራቅ በሰዓት 30 ኪ.ሜ. የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ የመጀመሪያው 72፣ ሁለተኛው 83 ሊትር ይሆናል። ታንኩ 80 ሊትር ነው የሚይዘው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሞተር ባለሙያዎች፤ ፒያሳ፣ አዲስ አበባ