ከፎቶግራፉ በፊት ጡት መያዣ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የሴቶች ቀን በደረሰ ቁጥር የስፖርት ገጻችሁ የደራርቱን፣ የፋጡማንና የጥሩነሽን ፎቶግራፍ ያወጣል። ደግ ነው። ከፎቶግራፉ ሥር የማይጻፍ ነገር ግን አለ። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ ስታሸንፍ የሴቶች 10 ሺህ ሜትር በኦሊምፒክ ሲካሄድ ገና ሁለተኛ ጊዜው ነበር። የሴቶች ማራቶንም ኦሊምፒክ የገባው በ1984 ነው፤ ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ ወርቁን ይዛው መጣች። የዘገየው ውድድሩ እንጂ ሯጯ አልነበረችም። ዛሬ ውድድሩ አለ። በየታዳጊ አትሌቶች ማሰልጠኛ ፕሮጀክቱ ግን 13፣ 14 ዓመት ሲሞላቸው ከልምምድ የሚቀሩ ልጃገረዶች ብዙ ናቸው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የችሎታ ማነስ ሳይሆን በጥቂት ብር የሚገዛ ወይም ያለ ገንዘብ የሚስተካከል ነገር ነው።

ከጡት መያዣ እንጀምር። ይህን በጋዜጣ ማንበብ የሚያሳፍረው ይኖራል፤ ልጆቹን ከሜዳ የሚያስቀረውም ይኸው ሐፍረት ነው። በሩጫ ጊዜ ጡት ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንና ወደ ፊትም ይንቀሳቀሳል፤ ያማል። መያዣ የሌላት ልጅ ደረቷን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ ታስራለች ወይም ሁለት ቲሸርት ደርባ ትመጣለች። ሻሹ የጎድን አጥንቷ እንዳይሰፋ ስለሚይዘው ትንፋሿ ያጥራል፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ወደ ኋላ ትቀራለች፣ አሰልጣኙም «አቅሟ ወረደ» ብሎ ይመዘግባል። የስፖርት ጡት መያዣ ሲገዛ መታየት ያለበት ከሥር ያለው ሰፊ ቀበቶ ነው፤ ክብደቱን በዋናነት የሚሸከመው እሱ እንጂ የትከሻው ማሰሪያ አይደለም። ከቀበቶው ሥር ሁለት ጣት መግባት አለበት፤ ከዚያ በላይ ከገባ ሰፍቷል። ልጅቷ ሁለት እጇን ወደ ላይ ስታነሳ ቀበቶው አብሮ ከወጣ አይሆንም። እዚያው ሱቅ ውስጥ አሥር ጊዜ ዘልላ ትሞክረው። ስፌቱ ቆዳ የሚልጥ ከሆነ ቫዝሊን ይቀባል። ለአንድ ልጅ ሁለት ያስፈልጋል፣ አንዱ እስኪደርቅ ሌላው እንዲለበስ። እሳት ዳር ከተሰጣ ላስቲኩ ቶሎ ይለቃል።

የአሰልጣኙ ቦርሳ ውስጥ ፋሻና የሕመም ማስታገሻ ቅባት አይጠፋም። ሞዴስ፣ ሳሙናና አንድ ጥቁር ቁምጣም ይጨመርበት፤ ልጆቹ ማንንም ሳይጠይቁ በሚያወጡበት ኪስ ውስጥ። የምትጠይቅ ከሆነ አትወስድም፤ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። መጸዳጃ ቤቱ ከውስጥ የሚዘጋበት መቀርቀሪያና አንድ ጀሪካን ውሃ ይኑረው።

በወር አበባ ጊዜ መሮጥ አይጎዳም። የሚያሳስበው ሲቀር ነው። ሦስት ወር በተከታታይ የቀረባት ሯጭ «ሰውነቷ ቀለለ» ተብላ ስትመሰገን ይሰማል፤ ትልቅ ስህተት ነው። እርግዝና ካልሆነ፣ በሯጭ ላይ ዋናው መንስኤ የምትበላው ምግብ ከምትሮጠው ጋር አለመመጣጠኑ ነው። ሰውነቷ መቆጠብ ሲጀምር የወር አበባዋ ይቆማል፣ አጥንቷም ይሳሳል። ቀጥሎ የሚመጣው የቅልጥም ሕመም ነው። ሕመሙ በረጅሙ ተዘርግቶ ሰውነት ሲሞቅ የሚቀል ከሆነ ልምምድ መቀነስ ሊበቃው ይችላል። በአንድ ጣት የሚጠቆም ነጥብ ላይ ከሆነ፣ በአንድ እግር ስትዘል ወይም ሌሊት ተኝታ የሚያማት ከሆነ ግን የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል ሩጫው በዚያው ቀን ቆሞ ሐኪም ዘንድ ትሂድ። 15 ዓመት ሞልቷት የወር አበባ ያላየችም እንዲሁ ሐኪም ዘንድ ትሂድ።

ከልምምድ በኋላ በሻይና በዳቦ ብቻ የሚሸኙ ልጆች አሉ። ሻይም ሆነ ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ በምግቡ ውስጥ ያለው ብረት በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል፤ የወር አበባ የምታይ ሯጭ ደግሞ ከወንዱ የበለጠ ብረት ያስፈልጋታል። ሻዩ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ። ሽሮው አጠገብ ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ ይኑር፤ ብረቱ በደንብ እንዲገባ ያግዛሉ። ልምምዱ ባለቀ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ በስኳር ወይም በማር ተበጥብጦ፣ ከአንድ እፍኝ ቆሎ ጋር ይሰጣት። የደከማትን ሁሉ ደም አነሳት ብሎ የብረት ክኒን ማደል ግን አይገባም፤ መጀመሪያ ደሟ ይመርመር።

ሌላው ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚጀመር ልምምድ ልጅቷን በጨለማ ብቻዋን ያስወጣታል። ወደ 12 ሰዓት ተኩል ማሸጋገር ይቻላል፤ አንድ ሰፈር ያሉትም ተጠራርተው ይምጡ። ከትምህርት መልስ ይሁን የሚሉ አሉ። ያ ሰዓት ግን የወንድሟ እንጂ የእሷ አይደለም፤ ውሃ መቅዳቱና እራት መሥራቱ ይጠብቃታል። ስለዚህ አሰልጣኙ ከአንዲት ሴት ረዳት ጋር ወደ ቤቷ ሄዶ ከእናቷ ጋር ሦስት ቋሚ ቀን ይቁረጥ። «በየቀኑ ላኳት» ከተባለች እናት የሚገኘው መልስ እንቢታ ነው። ሴት ረዳት ከሌለች ቀደም ሲል ሮጣ የተወች ወጣት ትፈለግ፤ እሽትና ሕክምናም በር ዘግቶ ለብቻ አይሰጥ።

ወደ እናንተ ወደ አዘጋጆቹ ስንመለስ፣ ማበረታቻ ለመስጠት በጀት አያስፈልጋችሁም። ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2:11:53 ስትሮጥ ሰከንዷ ሳይቀር ተጽፏል። በታዳጊዎች ውድድር ዘገባ ላይ ግን የወንዶቹ ሰዓት ከነደረጃው ይወጣና መጨረሻ ላይ «በሴቶችም እገሌ አሸንፋለች» ተብሎ ይዘጋል። ሰዓቷ ያልተጻፈላት ልጅ በሚቀጥለው ዓመት መሻሻሏን በምን ታሳያለች? ክለብስ በምን ያያታል? ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ የወጡትን ሴቶች ከነአባታቸው ስም፣ ከነርቀቱና ከነሰዓታቸው አትሙልን። ውድድሩ የተካሄደበትን ከተማም ጨምሩበት፤ ደጋ ላይ የተሮጠ 3 ሺህ ሜትር ቆላ ላይ ከተሮጠው ጋር አንድ አይደለምና።

የታዳጊ አትሌቶች አሰልጣኞች