እርሳስ ማንሳትሽን ሰማሁ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ስንት ጊዜ ሆነን! በጣም ናፍቀሽኛል። ሰሞኑን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ስወጣ እናትሽን አገኘኋቸው። «ልጄ ሥዕል ጀምራለች፤ ግን እየሳለች ቀዳ ትጥለዋለች» አሉኝ። ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም። ቤት እስክገባ እንኳ አላስቻለኝም፤ ይኸው ጣና ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልሽ ነው።

በመጀመሪያ እባክሽ አትቅደጂው። ቀን ጻፊበትና አስቀምጪው። ከወራት በኋላ እጅሽ ምን ያህል እንደተለወጠ የሚያሳይሽ እሱ ነው።

የምትስዪው የሰው ፊት ነው አሉ፣ ያውም ከስልክ ፎቶ። ለጀማሪ ይሄ ከባድ መንገድ ነው። ፎቶ ሁሉን ነገር ጠፍጣፋ አድርጎ ነው የሚሰጥሽ፤ ዓይንሽ ሊለማመደው የሚገባውን ሥራ ካሜራው ጨርሶታል። ፊት ደግሞ በጥቂቱ ከተዛባ ወዲያው ያስታውቃል። የጀበና ሆድ ትንሽ ቢሰፋ ግን ማንም አያውቅብሽም። ስለዚህ ከጀበናና ከሲኒ ጀምሪ።

ሲኒዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና አፏን ተመልከቺ። ክብ መሆኗን ታውቂያለሽ፤ የምታዪው ግን ክብ አይደለም። ጎንበስ ብለሽ ዓይንሽን ከአፏ ጋር ስታስተካክዪ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። ቀና ስትዪ ቀስ እያለ ይከፈትና ሞላላ ይሆናል። ሞላላው ዳርና ዳሩ ላይ አይሾልም፣ ዞሮ ነው የሚመለሰው። አሁን ወደ ታቿ ውረጂ። ጀማሪ ሁሉ የሲኒን ታች ቀጥ አድርጎ ይስላል፤ ጠረጴዛው ጠፍጣፋ ነዋ! ልብ ብለሽ ካየሽው ግን ታቹም ጎበጥ ያለ ነው። እንዲያውም ከዓይንሽ ከፍታ ይበልጥ ዝቅ ስለሚል፣ ከአፏ ይልቅ የታቹ ኩርባ ወደ ክብ ይቀርባል።

እኔ እንደሚመስለኝ የጀማሪ ችግር እጁ አይደለም። ስምሽን አሳምሮ የሚጽፍ እጅ ሲኒ መሳል አያቅተውም። የሚያስቸግርሽ ዓይንሽ ሳይጨርስ አእምሮሽ የሚያውቀውን ማቀበሉ ነው።

ለዚህ የማውቀው ፍቱን ዘዴ ክፍት ቦታን መሳል ነው። ጀበናዋን ለጊዜው ተያት። በእጀታዋና በአንገቷ መካከል ያለውን ቀዳዳ ብቻ ሳዪ። ለቀዳዳ አእምሮሽ ያዘጋጀው ቅርጽ ስለሌለው ያለውን ከማየት ሌላ ምርጫ የለሽም። እሱ በልኩ ሲወጣ እጀታውም አንገቱም አብረው ይመጣሉ። እዚህም የደንገል ታንኳ ስስል በቀዛፊው ክንድና በመቅዘፊያው መካከል የሚታየውን የውሃ ቁራጭ ነው ቀድሜ የምይዘው። ሰውዬው ቆሞ አይጠብቀኝም፤ እሷን ከያዝኩ ግን የክንዱ አጣጣፍ አይጠፋብኝም።

ልክ ለማውጣት ክንድሽን ሙሉ በሙሉ ዘርጊ፣ አንድ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ እርሳሱን ቀጥ አድርገሽ በአውራ ጣትሽ ለኪ። የጀበናዋ ሆድ ስፋት በቁመቷ ውስጥ ስንት ጊዜ ይገባል? ክንድሽ ከታጠፈ ልኩ ስለሚቀየር እሱን ተጠንቀቂ።

ስለ ዕቃ ብዙ አትጨነቂ። ኤች ቢና ፎር ቢ እርሳስ፣ ላጲስና ተራ ደብተር ይበቃሉ። ከቢ ፊት ያለው ቁጥር በጨመረ መጠን እርሳሱ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራልም። መጀመሪያ በስሱ ሳዪ፤ ረጅሙን መስመር ከትከሻሽ ሳቢው። ጥላውን በጣትሽ አታሻሺ፣ ያቆሽሽብሻል።

ስትመጪ ሐይቁ ዳር ይዤሽ እሄዳለሁ። ስትቆሚ ውሃውና ሰማዩ የሚገጥሙበት መስመር በዓይንሽ ከፍታ ነው፤ ስትቀመጪ እሱም አብሮሽ ይወርዳል። ቆመሽ ስታዪ በቁመት እኩያሽ የሆነ ሰው፣ ዳርቻው ላይ ቢቀርብም ቢርቅም ዓይኑ እዚያው መስመር ላይ ነው የሚውለው። ይህን እዚህ በዓይንሽ ካየሽው በኋላ የምትስያቸው ሰዎች አየር ላይ አይንሳፈፉም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ብንወጣ ደግሞ ጥላው ረጅም ስለሆነ ዓይንሽን አጥበብ አድርገሽ ጨለማውንና ብርሃኑን ለመለየት ይቀልሻል።

ዘጌም እንሻገራለን። የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የመቅደስ ሥዕሎች በእርሳስ ዓይን እንድታዪልኝ እፈልጋለሁ። ጻድቃኑ ሁለት ዓይናቸው ይታያል፣ ክፉዎቹ በጎን ተስለው አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ጥላ የለውም ብለው የሚያቃልሉት ሰዎች ያናድዱኛል። የልብሱን እጥፋት በመስመር ብቻ እንዴት እንዳወረዱት እዪ! እስከዚያው አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ጎራ በዪና የወደድሽውን ሥዕል ደብተርሽ ላይ ለመገልበጥ ሞክሪ።

ፊቱን ተይ አላልኩሽም። ሲያምርሽ ሳዪው፤ ዓይን ግን ከአናት እስከ አገጭ ያለው ርቀት እኩሌታ ላይ መሆኑን አትርሺ። ብዙ ሰው ግንባርና ፀጉርን አሳንሶ ዓይኑን ወደ ላይ ይሰቅለዋል።

በይ አሁን ጀበናዋን ስለሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። ከወደድሽው ይልቅ ያስቸገረሽን ላኪ፣ የቱ ጋ እንደተጣመመ አብረን እናያለን። መቼ እንደምትመጪም ጻፊልኝ፤ የዘጌን ጀልባ አስቀድሜ እንዳነጋግር።

ናፋቂ ጓደኛሽ፣
ከባሕር ዳር