«ስታርች» ከምን? ለኮዴክስ የምግብ ገላጭ ጽሑፍ ኮሚቴ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኮዴክስ አሊሜንታሪየስ ኮሚሽን
የምግብ ገላጭ ጽሑፍ ኮሚቴ

ጉዳዩ፦ ስታርች፣ ዴክስትሮስና መሰል ግብዓቶች ከየትኛው ሰብል እንደወጡ በማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣

የበቆሎ አለርጂ አለብኝ። ይህን የምጽፍላችሁ ግን በቆሎን ከዋና ዋናዎቹ አለርጂ አምጪ ምግቦች ተርታ አስገቡልኝ ለማለት አይደለም። ለዚያ ጥያቄ የምትሰጡትን መልስ አውቀዋለሁ፤ መልሱም ውሃ የሚያነሳ ነው። የእኔ ጥያቄ ከዚያ ያነሰ ነው። አንድ አምራች ምግቡ ውስጥ ስታርች (ከእህል ወይም ከሥራሥር የሚወጣ ነጭ ዱቄት) ሲጨምር ስታርቹ ከየትኛው ሰብል እንደወጣ ያውቃል። የሚያውቀውን ይጻፈው።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ከእናንተ ውጭ ለሚያነቡትም ነገሩን ላስረዳ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኮዴክስ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ያቋቋሙት፣ ከ1963 ጀምሮ የምግብ ደረጃዎችን የሚያወጣ ኮሚሽን ነው። ደረጃዎቹ በራሳቸው ማንንም አያስገድዱም። አገሮች ሕጋቸውን ሲያረቁ ግን ከፊታቸው ዘርግተው የሚያዩት እነሱን ነው፤ በዓለም ንግድ ድርጅትም የምግብ ደኅንነት ክርክር ሲነሳ ዋቢ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። እናንተ ረቂቁ ላይ የዘለላችኋት ቃል ስፍር ቁጥር በሌለው ማሸጊያ ላይ ትዘለላለች።

የታሸጉ ምግቦች ገላጭ ጽሑፍ አጠቃላይ ደረጃ የወጣው በ1985 ነው። አለርጂ አምጪ ምግቦች ምንጊዜም እንዲጻፉ የሚያዘው ዝርዝር በ1999 ገባበት፤ በ2024 ደግሞ ተከለሰ። ለክለሳው ምክር የሰጡት ባለሙያዎች ሦስት መለኪያ ነበራቸው፦ አለርጂው ስንት ሰው ላይ ይታያል፣ ሲነሳ ምን ያህል ይከፋል፣ ምን ያህል መጠን ይቀሰቅሰዋል። በዚህ ሚዛን ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን ያላቸው እንደ ስንዴ ያሉ እህሎች፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥና ጥቂት ሌሎች ተመረጡ። አኩሪ አተር እንኳ ከዓለም አቀፉ ዝርዝር ወጥቶ ለየአገሩ ውሳኔ ተትቷል። በቆሎ ድሮም አልነበረበትም። የአሜሪካ ሕግ ከዘረዘራቸው 9 ውስጥ የለም፤ የአውሮፓ ኅብረት ከዘረዘራቸው 14 ውስጥም የለም። ከእነዚህ ጋር ሲተያይ የበቆሎ አለርጂ ያለበት ሰው ጥቂት ስለሆነ በዚህ አልከራከርም።

ጥቂት ነን ማለት ግን ሲነሳብን ይቀለናል ማለት አይደለም። ከበቆሎ ፕሮቲኖች መካከል በዋና አለርጂ አምጪነቱ የሚታወቀው ሊፒድ ትራንስፈር ፕሮቲን የሚባለው ነው። ሙቀት ብዙም አይበግረውም፤ ጨጓራም በቀላሉ አይሰባብረውም። ስለዚህ «በደንብ ከበሰለ ምንም አይልህም» የሚለው የደግ ሰዎች ምክር እዚህ ላይ አይሠራም። አንዱን ከንፈሩን ያሳክከዋል፣ ሌላውን ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ሌላው ደግሞ ጉሮሮው አብጦ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ የደም ግፊቱም ይወርዳል። አናፊላክሲስ የሚሉት ይህ ነው፤ ኤፒንፍሪን የተባለው መድኃኒት ቶሎ ካልተወጋ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

በቆሎ በቆሎነቱ እየታየ ቢመጣ ችግር የለብኝም። አየዋለሁ፣ አልበላውም፣ አለቀ። የሚያስቸግረው መልኩንም ስሙንም ለውጦ የሚመጣው ነው። ፋብሪካ ውስጥ በቆሎው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በገባበት ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ ተፈጭቶ ጀርም የሚባለው የፍሬው ፅንስ፣ ገለባውና ፕሮቲኑ ለየብቻ ይወጣሉ። የሚቀረው ነጭ ዱቄት ስታርች ነው፤ በጣም ትንሽ ፕሮቲን ግን አብሮት ይቀራል። ስታርቹ በኢንዛይም ሲቆራረጥ ማልቶዴክስትሪን ይሆናል፤ የበለጠ ሲቆራረጥ የግሉኮስ ሽሮፕ፣ እስከ መጨረሻው ሲሄድ ዴክስትሮስ። ግሉኮሱ በከፊል ወደ ፍሩክቶስ ሲለወጥ ለስላሳ መጠጥ የሚያጣፍጠው ሽሮፕ ይገኛል። ሃይድሮጅን ሲጨመርበት ሶርቢቶል ይሆናል። ሻጋታ ወይም ባክቴሪያ ሲመገበው ደግሞ ሲትሪክ አሲድ፣ ላክቲክ አሲድ፣ ምግብ የሚያወፍረው ዛንታን ገም ይወጣል። አብዛኛው ቫይታሚን ሲም ጉዞውን የሚጀምረው ከዚሁ ግሉኮስ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ መንገድ ወደ ታች በተሄደ ቁጥር የሚቀረው የበቆሎ ፕሮቲን እየመነመነ ይሄዳል። ሲትሪክ አሲድ ላይ ሲደረስ እምብዛም አይገኝም፤ የበቆሎ አለርጂ ኖሮባቸው ያለ ችግር የሚበሉትም ብዙ ናቸው። ሁሉንም በአንድ ላይ ጨፍልቆ «መርዝ ነው» የሚል ዝርዝር ከእኛ ከታማሚዎቹ መካከል ሲዞር አያለሁ፤ እኔ አልወደውም፣ ሰውን ያለ በቂ ምክንያት ያስርባል። ማን ምን እንደሚችል የሚወስነው ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ነው። ነገር ግን ሐኪሙም ሆነ ታማሚው ይህን መለየት የሚችሉት የበሉት ነገር ከምን እንደተሠራ ሲያውቁ ነው። አሁን ያለው ደረጃ ይህን ዕድል ይነሳቸዋል።

እንዴት እንደሚነሳቸው ላሳያችሁ። ደረጃችሁ አንዳንድ ግብዓቶች በወል ስማቸው ብቻ እንዲጠሩ ይፈቅዳል። በኬሚካል ያልተለወጠ ማንኛውም ስታርች «ስታርች» ቢባል ይበቃል። የተለወጠውም «የተሻሻለ ስታርች» በሚል የወል ስም ያልፋል። ዴክስትሮስ «ዴክስትሮስ» ወይም «ግሉኮስ» ነው። ከወይራ በስተቀር ከተክል የተገኘ የተጣራ ዘይት ሁሉ «የአትክልት ዘይት» መባል ይችላል። በዚህ ሕግ መሠረት የተጻፈ አንድ የዱቄት ስኳር ከረጢት እጄ ላይ አለ እንበል። ጀርባው ላይ ሁለት ቃል ነው ያለው፦ ስኳር፣ ስታርች። ስታርቹ የገባው ስኳሩ እርጥበት ስቦ እንዳይጓጉል ነው። ከበቆሎ ሊሆን ይችላል፣ ከድንች ሊሆን ይችላል፣ ከካሳቫ ሊሆን ይችላል። እኔ ይህን ከረጢት እስከ ነገ ባገላብጠው ከሁለቱ ቃላት ውጭ የምጨምቀው ነገር የለም። ቤኪንግ ፓውደርም እንዲሁ ነው፤ ሶዳውና አሲዱ እስኪፈለጉ ድረስ ሳይገናኙ ደርቀው እንዲቆዩ ስታርች ይደረግበታል። ጨው እንኳ አያመልጥም፤ አዮዲኑ በኖ እንዳይጠፋ ጥቂት ዴክስትሮስ የሚጨመርበት አዮዲን ያለው ጨው አለ።

«አምራቹን ጠይቅ» ይባላል። ጠይቄያለሁ። የመጣልኝ መልስ ጨዋ ነበር፦ ምርታችን በሕግ ከተዘረዘሩት አለርጂ አምጪ ነገሮች ነጻ ነው ይላል። እኔ የጠየቅሁት ግን ስታርቹ የበቆሎ ነው ወይስ የድንች ብዬ ነበር። ደግሜ ስጽፍ «እንደ አቅራቢው ይለያያል፣ ዝርዝሩን ማውጣት አንችልም» አሉኝ። ሰዎቹን አልወቅሳቸውም፤ ሕጉ ያላስገደዳቸውን ነገር ነው የጠየቅኋቸው። በዚህ ላይ የዛሬ መልስ ለነገ ዋስትና አይሆንም። አቅራቢ ይቀየራል፣ የአሠራር ቀመር ይቀየራል፣ ማሸጊያው ግን ያው «ስታርች» እንዳለ ይቀጥላል። ስንዴ ወይም ግሉተን አይስማማንም ብለው «ከግሉተን ነጻ» ወደሚለው መደርደሪያ ለሚሄዱት መልካም ነው፤ ለእኛ ግን ስንዴውን የተካው ብዙ ጊዜ በቆሎ ስለሆነ ከእሳት ሸሽቶ ረመጥ ነው።

ሌሎች ሁለት ቀዳዳዎችም አሉ። አንድ ምግብ ውስጥ የገባ ቅይጥ ግብዓት፣ ለምሳሌ የቅመም ቅልቅል ወይም ማጣፈጫ፣ ከጠቅላላው ከ5% በታች ከሆነ ውስጡ ያለው ተዘርዝሮ እንዲጻፍ አይጠየቅም፤ በዝርዝራችሁ ያሉት አለርጂ አምጪዎችና በምግቡ ላይ ሥራ የሚሠሩ ተጨማሪዎች ካልሆኑ በስተቀር። ከጥሬ ዕቃው ጋር ተሸክሞ የመጣና በመጨረሻው ምግብ ላይ ሥራ የሌለው ተጨማሪ፣ ለማምረቻ ሂደት ማገዣ የሆነም ነገር እንዲሁ ሳይጻፍ ያልፋል። ለብዙ ሰው እነዚህ አስተዋይ ሕጎች ናቸው፤ ማሸጊያው በማይጠቅም ዝርዝር እንዳይሞላ ያደርጋሉ። በዝርዝራችሁ ውስጥ ለሌለ አለርጂ ግን በጓሮ የተከፈቱ በሮች ናቸው።

አሁን ወደምትሉኝ ነገር ልምጣ። የመጀመሪያው «አምራቹ ምንጩን እየተከታተለ መጻፍ ይከብደዋል» የሚል ይሆናል። ይህ ከራሳችሁ ደረጃ ጋር አይገጥምም። ስታርቹ ከስንዴ ከሆነ ስንዴ መሆኑ እንዲጻፍ አስቀድማችሁ አዝዛችኋል። ስንዴ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ደግሞ አምራቹ የእያንዳንዱን ስታርች ምንጭ ማወቅ ግድ ይለዋል። እውቀቱ ፋብሪካው ውስጥ አለ፤ የሚቀረው ወረቀቱ ላይ መድረሱ ነው።

ሁለተኛው «አቅራቢ በተቀየረ ቁጥር ማሸጊያ ሊታተም አይችልም» የሚል ነው። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ መፍትሔው ግን ተሞክሮ የታየ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ የተጣራ የአትክልት ዘይት ከየትኛው ተክል እንደሆነ እንዲጻፍ አስገድዷል፤ የዘይቶቹ መጠን የሚለዋወጥ ከሆነም «በተለያየ መጠን» ብሎ መጻፍን ፈቅዷል። ኢንዱስትሪው አልፈረሰም። ለስታርችም «በቆሎ ወይም ድንች» ተብሎ ቢጻፍ ለእኔ በቂ ነው፤ እሱን አይቼ እተወዋለሁ። ወደ አሜሪካ ብንሄድ ደግሞ «ስታርች» ብቻ ከተባለ የበቆሎ ማለት እንደሆነ የቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ከወሰነ ቆይቷል፤ የሌላ ሰብል ከሆነ በሰብሉ ስም ይጠራል። እዚያ የሚኖር ታማሚ ቢያንስ ያችን አንዲት ቃል ሲያይ ምን እንዳየ ያውቃል። ቃሏ ድንበር ስትሻገር ግን ትርጉሟን ትጥላለች፤ ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚያስፈልገውም ለዚህ መሰለኝ።

ሦስተኛው፣ «ለናንተ ከፈቀድን ነገ ሌላውም ይመጣል» የሚለው ነው። ይምጣ። ምንጩ ሲጻፍ ድንች የማይስማማው ሰውም ይጠቀማል፣ አተር የማይስማማውም ይጠቀማል። አዲስ አለርጂ በመጣ ቁጥር በዝርዝሩ ላይ ከመከራከር ይልቅ ግብዓቱን በሙሉ ስሙ መጥራት ለእናንተም ሥራ የሚቀንስ ይመስለኛል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ስታርች፣ የተሻሻለ ስታርች፣ ማልቶዴክስትሪን፣ የግሉኮስ ሽሮፕ፣ ዴክስትሮስና የተጣራ ዘይት በወል ስማቸው ሲጠሩ የተገኙበት ሰብል በቅንፍ ይጨመርበት። ማልቶዴክስትሪንን ያስገባሁት ከስታርቹ ብዙም ስላልራቀ ነው። በፍላት ለሚመረቱት ለእነ ሲትሪክ አሲድና ዛንታን ገም ግን ማሸጊያ ላይ ይጻፍ አልልም፤ ሸማቹ ሲጠይቅ አምራቹ ምንጩን በጽሑፍ እንዲመልስ የሚያደርግ መመሪያ ይበቃል። ከ5% በታች ለሆኑት ቅይጦችም ቢያንስ ስታርቹ ከነምንጩ ይጻፍ።

መድኃኒት በእናንተ ሥልጣን ሥር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይሁንና ከሁለቱ እናት ድርጅቶቻችሁ አንዱ የዓለም ጤና ድርጅት ስለሆነ በአለፈ አገደመ ልጥቀሰው፦ እንክብልን አጣብቆ የሚይዘውና ሆድ ውስጥ ሲገባ የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ የበቆሎ ስታርች ነው። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በመድኃኒት መግለጫ ላይ ማስጠንቀቂያ ከሚያስፈልጋቸው ማሟያዎች (ክኒኑን ለመሥራት የሚጨመሩ፣ ራሳቸው የማያክሙ ነገሮች) መካከል የስንዴ ስታርችን መዝግቦታል፤ የበቆሎውን ግን አልመዘገበም። የአለርጂ ማስታገሻ ተብሎ የታዘዘለትን ክኒን ከመዋጡ በፊት መግለጫውን በማጉያ መነጽር የሚያነብ ሰው ሲያጋጥማችሁ አትሳቁበት።

በኮዴክስ አሠራር አዲስ ሥራ የሚጀመረው አባል አገር ሲያቀርበው መሆኑን ስለማውቅ፣ የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ በየአገሩ ላሉት የኮዴክስ መገናኛ ጽሕፈት ቤቶችም እንዲደርስ እፈልጋለሁ። ኮሚቴውን የምታስተናግደው ካናዳ ናት፤ ሐሳቡን ማንም አገር ቢያነሳው ግን ለእኔ ልዩነት የለውም። ከአባል አገሮች አንዱ አጀንዳ አድርጎ ቢያቀርበው፣ ከአምራቾች መልስና ከሐኪሞች አስተያየት ጋር አብሮ እንዲታይ ያሉኝን ማስረጃዎች በሙሉ ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የበቆሎ አለርጂ ያለበት አንድ ሸማች