ስለ ቅርጫት ኳስ ውድድራችንና ስለ ፊሽካው

ውድ ወላጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? አትደንግጡ፣ ይሄ ደብዳቤ ስለ ክፍያ አይደለም። ስለ ክፍል ለክፍል የቅርጫት ኳስ ውድድራችን ነው።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ዓይነት ቅሬታ ቢሮዬ ድረስ መጣ። አንዱ ወገን «ልጆቻችን ሲገፈተሩ ዳኛው ዝም ብሎ ያያል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ገና የሚለማመዱ ልጆችን በፊሽካ አሳቀቃቸው፣ ልጄ ሁለተኛ አልጫወትም ብላለች» ይላል። የሚገርመው፣ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ጨዋታ ነው።

እኔ እንደማየው ኃይለኛ ተጫዋችና ገና ያልቻለ ተጫዋች ተምታተውብናል። ያልቻለ ልጅ ኳስ ይዞ ሦስት አራት እርምጃ ይሄዳል፣ አንጥሮ ያቆምና እንደገና ያነጥራል። በዚህ ማንም አይጎዳም። በሕጉ ትራቭሊንግ (ኳስ ሳያነጥሩ ይዞ መሄድ) ትራቭሊንግ ነው፣ ለጀማሪ ብሎ የተለየ ነገር የለም። ግን በ5ኛና በ6ኛ ክፍል ጨዋታዎች ላይ ለያንዳንዱ እርምጃ ፊሽካ ከተነፋ ጨዋታ የሚባል ነገር አይኖርም። ስለዚህ ከስፖርት መምህራችን ጋር ተስማምተናል፦ ልጁ በስህተቱ ያገኘው ጥቅም ከሌለ ዳኛው «እግርህን አስተውል» ብሎ ያልፈዋል። በዚያው እርምጃ ተከላካይ ካለፈበት ግን ይነፋል። ለሁለቱም ቡድን እኩል። ከ9ኛ ክፍል በላይ ይሄ የለም፣ ሕጉ እንዳለ ይሠራል።

የሰውነት ንክኪ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ «አላሰበበትም እኮ» የሚለው ክርክር አያስኬድም። ዘሎ የሚወረውር ልጅ እግር ሥር የገባ ተጫዋች አስቦም ይግባ ሳያስብ፣ የሚወለመው ቁርጭምጭሚት ያው ነው። ፋውል ደግሞ ስድብ አይደለም። ይቆጠራል፣ አምስት ሲሞላ ልጁ ይወጣል፣ በቃ። እንዲያውም ዳኞቻችንን የነገርኳቸው ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጀምረው እንዲነፉ ነው፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ላይ ዝም የተባለ ግፊያ በኋላ በክርን ነው የሚመለሰው፣ ያኔ ደግሞ ማን እንደጀመረው የሚያስታውስ የለም።

ኃይለኛውን በተመለከተ የፊባ (የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ ግልጽ ነው። ኳሷን ለመንካት ሳይሞክር ሰው የመታ፣ ወይም ለኳሷ ብሎም ቢሆን ከመጠን ያለፈ ከባድ ንክኪ ያደረገ፣ ስፖርታዊ ያልሆነ ፋውል ይቆጠርበታል። ለተጎዳው ቡድን ፍሪ ስሮው (ማንም ሳይከላከል ወደ ቅርጫቱ የሚወረወር ነፃ ውርወራ) ይሰጠዋል፣ ኳሷም የዚያው ቡድን ትሆናለች። ሁለት ጊዜ ያደረገው ከጨዋታው ይባረራል። ስለዚህ «ኳሷን ነው የነካሁት» ማለት አያድንም፣ ከኳሷ ጋር ልጁንም ግድግዳ ላይ ከለጠፍከው።

ይሄ አዲስ ጥንቃቄም አይደለም። ጨዋታውን በ1891 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ የፈጠረው ጄምስ ኔይስሚዝ ራሱ የስፖርት መምህር ነበር። በጻፋቸው 13 ሕጎች ውስጥ ሁለተኛ ፋውል የሠራ ተጫዋች ቀጣዩ ጎል እስኪገባ ድረስ ይወጣል። ሰው ለመጉዳት አስቦ ያደረገው ግን እስከ ጨዋታው መጨረሻ ይወጣል፣ በሱ ፋንታም ሰው አይገባም። አይ መምህር፣ ተማሪዎቹን ያውቃቸው ነበር!

አሁን ስለ ትልልቆቹ ልጆች ላንሳ፣ በጣም የምንበድለው እነሱን ነውና። ቦታውን ይዞ ቆሞ፣ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ቀጥ ብሎ የዘለለ ረጅም ልጅ፣ ትንሹ መጥቶ ደረቱ ላይ ተጋጭቶ ቢወድቅ ጥፋተኛ አይደለም። ትልቅ መሆን ፋውል አይደለም። ከዳር ሆናችሁ «ኧረ ልጁን ገደለው!» ስትሉ ግን ዳኛው የወደቀውን አይቶ እንዲነፋ እየገፋችሁት ነው። ዳኛው ደግሞ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ የሰፈራችሁ ልጅ።

«ለነሱ ስድስት፣ ለኛ ሁለት» እያላችሁ ፋውል የምትቆጥሩም አላችሁ። ቁጥሩ እኩል እንዲሆን የሚያስገድድ ነገር የለም። እየተጠጋ የሚከላከል ቡድን ብዙ ይነፋበታል፣ ዋጋውንም ይከፍላል፦ በአንድ ሩብ (ከጨዋታው አራት ክፍሎች በአንዱ) አራት የቡድን ፋውል ካለፈ በኋላ፣ ሳይወረውር የተጠለፈ ልጅ እንኳ ሁለት ፍሪ ስሮው ያገኛል።

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ዳኛውን የሚያናግረው አሰልጣኙ ብቻ ነው። ወላጅ መስመር አልፎ ሜዳ ከገባ ጨዋታው ይቆማል፣ ወላጁ እስኪወጣም አይቀጥልም።

ዓርብ 10 ሰዓት ላይ መምህራችን ንክኪዎቹን በልጆቹ ላይ ሜዳው ውስጥ ያሳያል። ከዚያ የልምምድ ጨዋታ አለ፣ መዳኘት የሚፈልግ ወላጅም ይችላል። ፊሽካ እኛ እናቀርባለን፣ ሸራ ጫማ ብቻ አድርጋችሁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር