ድዱ ሲደማ ስለ አጥንቱም ይጠየቅ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

በደሴ የምኖር ጡረተኛ መምህርት ነኝ። እናቶቻችን ጥርሳቸው ሲነቃነቅ «እርጅና ነው» ተብሎ ይነቀላል፤ እጃቸው ሲሰበርም «እርጅና ነው» ተብሎ በጄሶ ይታሰራል። ሁለቱን አያይዞ የሚጠይቅ ባለሙያ ግን አላጋጠመኝም። ለመጻፍ ያነሳሳኝ ይኸው ቁጭት ነው።

ጎረቤቴ እትዬ ስልሳን አልፈዋል። ድዳቸው መድማት ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ መፋቂያቸው ደም ሲነካው አጥበው ያስቀምጡታል እንጂ ለማንም አይናገሩም። ኋላ ጥርሶቻቸው ላልተው አንድ በአንድ ተነቀሉ። ዛሬ ቆሎ ቀርቶባቸዋል፤ እንጀራውም በወጥ ካልራሰ አይሆንላቸውም። ባለፈው ክረምት ደጃፋቸው ላይ አዳልጧቸው የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ከቁመት ባልዘለለ አወዳደቅ አጥንት ለምን እንደተሰበረ በሄዱበት የሕክምና ተቋም የጠየቃቸው የለም።

አጥንት ዕድሜ ልክ እየፈረሰ እየተሠራ የሚኖር አካል ነው። ሴት ስታርጥ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ይቀንስና የሚፈርሰው ከሚሠራው ይበልጣል። የአጥንት መሳሳት የሚባለው ይህ ነው፤ እስኪሰበሩ ድረስ አያምም። የድድ በሽታን የሚጀምሩት ደግሞ በጥርስና በድድ መጋጠሚያ የሚከማቹ ባክቴሪያዎች ናቸው። ድድ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል። በዚህ ደረጃ ከተደረሰበት ይድናል። ሲቆይ ግን ሰውነት ባክቴሪያዎቹን ሲዋጋ የሚፈጠረው ብግነት አጥንት አፍራሽ ሕዋሳትን ያነቃቃል፤ ጥርሱን የያዘው የመንጋጋ አጥንትም እየተሸረሸረ ይሄዳል። ብዙዎች ጥርሱ የታመመ ይመስላቸዋል፤ የተበላው ግን ጥርሱ የቆመበት አጥንት ነው። ያ አጥንት አስቀድሞ የሳሳ ከሆነ ጉዳቱን የሚቋቋምበት አቅም ያንሰዋል።

ሁለቱ በሽታዎች በተለይ ባረጡ ሴቶች ላይ አብረው እንደሚታዩ በርካታ ጥናቶች አመልክተዋል። አንዱ ሌላውን ያመጣል ተብሎ ግን አልተደመደመም፤ ዕድሜ፣ ሲጋራ ማጨስና የቫይታሚን ዲ እጥረት ለሁለቱም መንገድ ይከፍታሉ። ክርክሩ የተመራማሪዎች ነው። እናቶቻችንን ለመጠየቅ ግን የክርክሩን መቋጫ መጠበቅ አያስፈልግም።

በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ ሊነገር የሚገባው የመድኃኒቱ ጉዳይ ነው። ለአጥንት መሳሳት እንደ አሌንድሮኔትና ዞሌድሮኒክ አሲድ ያሉ መድኃኒቶች ይታዘዛሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2003 ጀምሮ፣ እነዚህን መሰል መድኃኒቶች በሚወስዱ አንዳንድ ሰዎች ላይ፣ በተለይ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ፣ ቁስሉ ሳይድን ቀርቶ የመንጋጋ አጥንት እንደሚሞት ተዘግቧል። አብዛኞቹ ለካንሰር ሕክምና ከፍተኛ መጠን በደም ሥር የወሰዱ ናቸው፤ ለአጥንት መሳሳት በሚወስዱት ላይ ችግሩ እምብዛም አይታይም። ስለዚህ ማንም ፈርቶ መድኃኒቱን በራሱ አያቋርጥ፤ የዳሌ ስብራት የባሰ አደጋ ነው። ነገር ግን የሚነቀል ጥርስ ካለ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ቢነቀል ይመረጣል፤ መድኃኒቱን የጀመረም ለጥርስ ሐኪሙ ይንገር። ይህን ለታማሚ ለመንገር አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

በደሴና በኮምቦልቻ ያላችሁ የጥርስ ሐኪሞች ሆይ፣ የላላ ጥርስ ይዛ ለመጣች እናት «አጥንትሽ ተሰብሮ ያውቃል? ለአስም ወይም ለቁርጥማት ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ ወስደሻል?» በሏት፤ ይህ መድኃኒት አጥንት ያሳሳልና። የአጥንት ሐኪሞችም ስለ ድዷ ጠይቋት። የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ድረስ ለሕክምና የሚመጡ እናቶች ግማሹን ብቻ ታክመው አይመለሱ።

ጋዜጣችሁም በጤና ዓምዱ አንድ የጥርስና አንድ የአጥንት ሐኪም አንድ ላይ አቅርቦ ቢያነጋግርልን እጅግ ደስ ይለኛል። ጥያቄዎቹን ከሰፈራችን እናቶች ሰብስቤ ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከደሴ