እጅሽ አይደለም፣ እማዬ

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጆቹም ደህና ናቸው፣ ስምሽን ሳይጠሩ አይውሉም። ይህን ደብዳቤ የእህቴ ልጅ ታነብልሻለች። ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

የምጽፍልሽ ስለ እንቁላል ነው።

የፋሲካ ዋዜማ ማታ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለሽ ለዶሮ ወጡ እንቁላል ስትልጪ አይሽ ነበር። 12 ነበሩ። ቅርፊቱ ሲነሳ ነጩን ይዞት ይነሳል። የአንዱ ጎን ተቦጨቀ፣ ሌላው እስከ አስኳሉ ተገመሰ። ሰባቱ እንደዚያ ሆኑ። ደህናዎቹን አምስቱን ለይተሽ ሳህን ላይ አደረግሽ፤ በቀሩት ላይ ክዳን ደፋሽባቸው። ከዚያ እጅሽን ዘርግተሽ አየሽውና "እጄ አልቋል፤ ከርሞ ወጡን እናንተው ሥሩት" አልሽ። ቀለል አድርገሽ ነው ያልሽው። እኔ ግን ፊትሽን አይቻለሁ።

በማግሥቱ የነፍስ አባትሽ ሲመጡ ልሙጡን አወጣሽላቸው። ለጎረቤቶቹም ልሙጡን። ለራስሽ የወሰድሽው ግማሹ የሌለውን ነበር።

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱን ሙሉ ያ ንግግርሽ ከጆሮዬ አልወጣም። 60 ዓመት ሙሉ ወጥ የሠራ እጅ በሰባት እንቁላል ምክንያት አለቀ ሲባል አልዋጥልሽ አለኝ።

በጭድ ጠቅልለሽ የሰጠሽኝን እንቁላል ታስታውሻለሽ? እንደገባሁ አራቱን ቀቀልኳቸው። የኔም ተቦጫጨቁ። የኔ እጅ አይንቀጠቀጥም፣ እማዬ። የቀሩትን አስቀምጬ ከ10 ቀን በኋላ ቀቀልኩ። እንደ ሙዝ ልጣጭ ተገፈው ወጡ። ያው የአንቺው ዶሮዎች እንቁላል፣ ያው ድስት፣ ያው እጅ።

ምክንያቱን ፈልጌ አነበብኩ። ትኩስ እንቁላል ነጩ ከቅርፊቱ ሥር ካለው ስስ ቆዳ ጋር ይጣበቃል። ሲሰነብት ግን ውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቅርፊቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀስ እያለ ይወጣል። ያኔ የነጩ ባሕርይ ይለወጥና ቆዳውን መልቀቅ ይጀምራል። አንቺ ለፋሲካ ያዘጋጀሽው የሐሙስና የዓርብ እንቁላል ነበር። ለእኛ ብለሽ ትኩስ ትኩሱን ስለመረጥሽ ነው የተቦጫጨቀብሽ። እጅሽ ምንም አላጠፋም።

ከርሞ ለቅቅሉ ከሳምንት በፊት የተጣሉትን ለይተሽ አስቀምጪ። የደብረ ብርሃን ብርድ እንኳን ለሳምንት ከዚያም በላይ ያቆያቸዋል። በቀዝቃዛ ውሃ አትጣጃቸው፤ ውሃው ከፈላ በኋላ በማንኪያ ቀስ አድርገሽ ክተቻቸው። ሲወጡ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ። ልጣጩን ሰፋ ካለው ጫፍ ጀምሪ፤ የአየር ክፍተቱ ያለው እዚያ ነው።

ስለ ሰዓቱ ምንም አልነግርሽም። አንቺ እንቁላል ጥደሽ የቀኑን ውዳሴ ማርያም ትደግሚያለሽ፤ ስትጨርሺ ታወጫለሽ። ልጅ ሆኜ ይረዝምብኝ ነበር። ዛሬ ገባኝ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። እዚያ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ እንቁላሉ ከቆላው የበለጠ መቆየት አለበት። የሚነበበው የምግብ አሠራር ብዙውን ጊዜ 10 ደቂቃ ያህል ይላል፤ የሚጽፉት ግን ዝቅ ያለ አገር ላይ ሆነው ነው። ያንቺ ጸሎት ልኩን ያውቀዋል።

የተቦጫጨቁትን ምን እንዳደረግኳቸው ልንገርሽ። በሹካ ሰባበርኳቸው። አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ አቅልጬ አፈሰስኩባቸው፣ ጨውና ሚጥሚጣ ነሰነስኩ። ቃሪያ በጣም አድቅቄ ጨመርኩ። በትኩስ እንጀራ በላናቸው። ትንሹ ልጄ ሳህኑን በእንጀራ ጠረገው። ለጥርስሽም የሚመች ነው። ድንገት ቅቅሉ ከተቦጨቀብሽ ክዳን አትድፊበት፤ እንደዚህ አድርጊው።

ሌላም ነገር አለ። ጓዳ ከመደርደሪያው ሥር ቅርጫት አየሁ። ውስጡ አንዱ የተሸበሸበ፣ አንዱ አሸዋ እንደተነሰነሰበት ሸካራ፣ አንዱ ሞላላ፣ ሌሎቹ ቄቧ የጣለቻቸው ትናንሾች። "እነሱማ ለሰው አይሰጡም" አልሽኝ። ለምን አይሰጡም? ዶሮ አንድ እንቁላል ለመሥራት አንድ ቀን ያህል ይፈጅባታል፤ ከዚያ ውስጥ 20 ሰዓት ገደማው የሚያልፈው ቅርፊቱ ላይ ነው። በዚያ መሃል ከደነገጠች ወይም ካረጀች ቅርፊቱ ይሸበሸባል፣ ይሸካከራል። ውስጡ ግን ያው እንቁላል ነው። ለዶሮ ማስታቀፊያ ልሙጡን መምረጥሽ ልክ ነው። ለድስት ግን መልኩ ምን ያደርግልናል? እኔ የሸካራውን ስልስ ሠራሁት። ሽንኩርቱን በደንብ አቁላልቼ፣ ቲማቲምና ትንሽ በርበሬ ጨምሬ፣ እሳቱን ዝቅ አድርጌ እንቁላሉን ላዩ ላይ ሰበርኩት። ያን ያህል የሚጣፍጥ አልመሰለኝም ነበር። አስኳሉ ቢጫ፣ ደማቅ ነው። ዶሮዎችሽ ግቢው ውስጥ ሣር ስለሚለቃቅሙ ነው።

ቅርፊቱ የሚሳሳባት ያቺ አሮጊቷ ቀይ ዶሮ ከሆነች፣ የእንቁላል ቅርፊት አድርቀሽ በደንብ አድቅቂና ከእህሉ ጋር ስጫት። በደንብ ካልደቀቀ ግን የራሷን እንቁላል መብላት ልትለምድ ትችላለች።

በአንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንሻለሁ። መልከ ጥፉና የተሰነጠቀ አንድ አይደሉም። የተሰነጠቀውን "ይጣላል ወይ?" ብለሽ ለራስሽ ታስቀምጪያለሽ፤ አውቃለሁ። በስንጥቁ የማይታይ ጀርም ይገባል፤ በዕድሜ የገፋ ሰውን ደግሞ ክፉኛ ይጥላል። ዓይንሽ እያየ ከተሰነጠቀ ወዲያው አብስለሽ ብዪው፣ አስኳሉ እስኪጠነክር። መቼ እንደተሰነጠቀ ካላወቅሽ ጣዪው። ለአንድ እንቁላል አትሳሺ። የቆየ ከመሰለሽም እንደ ልማድሽ ጆሮሽ ላይ ነቅንቂው፣ ደግሞም ውሃ ውስጥ ክተቺው። ከተኛ ትኩስ ነው። ከቆመ ሰንብቷል፣ ቶሎ ይበላ። ከተንሳፈፈ አትሰብሪው።

አሁን በዓለ ሃምሳ ነው። ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። እህቴ ስትነግረኝ እንቁላሉን ለገበያ እየሰጠሽ አንቺ ሽሮ ብቻ ትበያለሽ። ጠዋት ጠዋት አንድ እንቁላል ብዪልኝ። 55 ቀን ጾመሻል፤ ሰውነትሽ ይፈልገዋል። ለዘይትና ለስኳር የሚሆነውን እኔ እልካለሁ፣ እንቁላሉ ከቤት አይውጣ።

ቅርጫትሽን ቅዳሜ ወደዚያ በሚመጣው የጎረቤቴ ልጅ እጅ እልከዋለሁ። ጭዱ እንዳለ ነው። መልሰሽ ስትሞዪው የተሸበሸቡትን፣ ሸካራዎቹን፣ የቄቧንም ትናንሾች ለእኔ አድርጊ። ልሙጦቹን አንቺ ብዪ። እስከ ዛሬ የተገላቢጦሽ ነበር።

የከርሞውን ዶሮ ወጥ ደግሞ የምትሠሪው አንቺ ነሽ። ሽንኩርቱን እኔ እከትፋለሁ፣ እሳቱንም እጠብቃለሁ። እንቁላሉን ግን አንቺ ትልጫለሽ። አጠገብሽ በርጩማ ስቤ ቁጭ እላለሁ።

ጉልበትሽን እስማለሁ።

ልጅሽ