ፍሌቸር ሄንደርሰንን ረሳችሁት እኮ

ውድ አዘጋጅ፣ ስለ ስዊንግ ጃዝ (ያ በትልልቅ ባንድ የሚጫወቱት የዳንስ ጃዝ) ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ አሪፍ ነው ግን ክላርኔት ተጫዋቹና ባንድ መሪው ቤኒ ጉድማን ብቻውን የፈጠረው አስመሰላችሁት። ፍሌቸር ሄንደርሰን የት ሄደ? ሰውየው 1897 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) አሜሪካ ጆርጂያ ተወልዶ አትላንታ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የተማረ ነው፣ 1920 ኒውዮርክ ሲገባ ግን በዛን ጊዜ ለጥቁር ኬሚስት ማን ስራ ይሰጣል፣ በቃ ፒያኖው እንጀራው ሆኖ ቀረ። ከዛ ባንድ አቋቁሞ ሮዝላንድ ዳንስ ቤት ሲጫወት 1924 ላይ ትራምፔት ተጫዋቹን ሉዊስ አርምስትሮንግን ከቺካጎ አስመጣው፣ ሳክስፎኒስቱ ኮልማን ሃውኪንስም እዛው ነበር።

ዋናው ነገር ግን አሬንጅመንቱ (የትኛው መሣሪያ መቼ ምን እንደሚጫወት ማቀናበሩ) ነው፣ እሱና የባንዱ አቀናባሪ ዶን ሬድማን ባንዱን ለሁለት ከፍለው ትራምፔትና ትሮምቦኑ አንድ ነገር ሲል ሳክስፎኖቹ ይመልሱለታል፣ ልክ እንደኛ አውጪና ተቀባይ። ዛሬም ቢግ ባንድ ስትከፍቱ የምትሰሙት ይሄንኑ ነው።

ባንድ ማስተዳደር ላይ ግን ጎበዝ አልነበረም መሰለኝ፣ 1934 ባንዱ ሲፈርስ አሬንጅመንቶቹን ለጉድማን ሸጠ፣ 1935 ጉድማን ሎስ አንጀለስ ፓሎማር ዳንስ ቤት ወጣቱን ያሳበደበት ሙዚቃ ውስጥ የሱ እጅ አለበት። ጉድማን ራሱ እንኳን ይሄን አልካደም፣ እናንተ ናችሁ የዘለላችሁት! 1939 ጭራሽ ጉድማን ባንድ ውስጥ ተቀጥሮ ፒያኖ ተጫወተ፣ 1952 ሞተ። በሚቀጥለው እትም ቢያንስ ፎቶውን አውጡልን።